የርችት ሌሊትና የለማዳ እንስሳ ፍርሃት

በጳጉሜን የመጨረሻ ሌሊት አዲስ አበባ ፈጥና አትተኛም። ቄጠማው ተጎዝጕዟል፤ ወጡ ተጥዷል፤ ለነገ የተገዛው በግ በግቢው ጥግ ታስሮ ያመነዥካል። ሕፃናት ችቦ አብርተው ሲዞሩ፣ ጎረምሶች ከመንገዱ ዳር ርችት ይተኩሳሉ። ርችቱ እያፏጨ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጣራው በላይ ይፈነዳል፤ ቀይና አረንጓዴ ፍንጣሪው ክረምቱ ገና ባልለቀቀው ሰማይ ላይ ለአፍታ አብቦ ይከስማል። ያን ጊዜ ሕፃን ያጨበጭባል፤ ሽማግሌ ፈገግ ይላል፤ «ዓመት ዓመት ያድርሰን» የሚለው ምርቃት ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

ከቤቱ ጀርባ ግን፣ በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ አንድ ውሻ በሰንሰለት ታስሯል። በመጀመሪያው ፍንዳታ ጮኸ። በሁለተኛው ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ሮጦ አንገቱ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ አልጮኸም። ጅራቱን ከሆዱ ሥር ወትፎ፣ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጣብቆ፣ ምራቁን እያዝረበረበ ይንቀጠቀጣል፤ ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር ጥፍሮቹ መሬቱን ይቧጥጣሉ። ቀደም ሲል በጮኸ ጊዜ የቤቱ ጌታ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዝም በል!» ብሎት ነበር። አሁን ዝም ስላለ ጌታው ነገሩ ያለቀ መስሎት ወደ እንግዶቹ ተመልሷል።

ለመሆኑ በዚህ ሌሊት የተበደለ አለን? ካለስ በዳዩ ማን ነው? ርችቱን የተኮሰው ጎረምሳ ውሻውን አላየውም። የቤቱ ጌታ ርችት አልተኮሰም። ርችት የሸጠው ነጋዴም የሸጠው ለደስታ ነው። በጨካኝ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እዚህ ግን ጨካኝ የለም። ጉዳዩን ከተራ የርኅራኄ ምክር አውጥቶ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አስቀድሞ ግን ድምፁ ለእንስሳው ምን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ፣ የድመት ደግሞ እስከ 64,000 ገደማ ይዘልቃል። ርችት ሲወነጨፍ ከሚያሰማው ፉጨት ውስጥ ለሰው ጆሮ የማይደርሰው ክፍል ለእነርሱ ይደርሳል፤ ሰው ከሩቅ እንደ ዘበት የሚያልፈው ድምፅም እነርሱን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል። ይሁን እንጂ ዋናው ልዩነት በጆሮ ላይ ያለ አይደለም። ሰው ርችትን የሚሰማው ከቀን መቁጠሪያው ጋር ነው። ነገ መስከረም 1 ቀን መሆኑን ያውቃል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ ያውቃል። እንስሳው ዐውደ ዓመት የለውም። ነጎድጓድ እንኳ በእርሱ ዘንድ መልእክተኛ ያለው ነገር ነው፤ አስቀድሞ ነፋሱ ይነሣል፤ አየሩ ይከብዳል፤ የዝናቡ ሽታ ይቀድማል። ርችት ግን ከጠራ ሰማይ ይወርዳል፤ ይቆማል፤ ሁሉም ነገር ያለፈ ሲመስል ደግሞ ይጀምራል። ምክንያቱና ማብቂያው የማይታወቅ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ውሻ መሆን አያስፈልግም።

«ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ፍርሃቱ ብርቱ በሆነ እንስሳ ላይ ድምፁ በተደጋገመ ቁጥር ፍርሃቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ አምና በፍንዳታ ብቻ የደነገጠ ውሻ ዘንድሮ ገና የባሩዱ ሽታ ሲደርሰው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የአማርኛ ቋንቋ ከሰው ጋር የሚኖረውን እንስሳ «ለማዳ» ማለቱ በዚህ ስፍራ ልብ ሊባል ይገባል። ለማዳ ማለት የለመደ ማለት ነው፤ የሰውን እጅ፣ የሰውን ድምፅ፣ የሰውን ግቢ የለመደ። ለመሆኑ በመልመድ ውስጥ የተተወው ነገር ምንድን ነው? የተተወው ሽሽት ነው። የዱር እንስሳ ከሰው ጋር ያለው ስምምነት አጭር ነው፤ ሰው ሲቀርብ እርሱ ይሸሻል። ለማዳው እንስሳ ይህን መብቱን ትቶ ገባ። ሰው ሲቀርብ አለመሸሽን ተማረ፤ ሰውም በፋንታው እህልና መጠጊያ ሰጠው።

ይህ ውል ምን ያህል የቆየ እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ መቃብር አለ። እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር፣ በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ዐፅም ጋር የተቀበረ የቡችላ ዐፅም ተገኘ። ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ ነው። የቡችላውን ጥርሶች የመረመሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ እንስሳው ከመሞቱ በፊት በከባድ ደዌ ተይዞ እንደ ነበርና ደዌው በተመላለሰበት ጊዜ ሁሉ ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል አመልክተዋል። የታመመ ቡችላ አያድንም፤ አይጠብቅምም። እርሻ ያልነበራቸው፣ ለራሳቸውም ምግብ ፍለጋ ሲንከራተቱ የሚውሉ ሰዎች ለማይረባቸው እንስሳ ቀን ከሌት ደከሙ ማለት ነው። ስለ ለማዳ እንስሳ የሚነሣ ክርክር ሁሉ «ጥቅሙ ምንድን ነው?» ከሚለው ቢጀምር፣ የኦበርካሰል መቃብር ሌላ መነሻም እንዳለ ይመሰክራል።

ሽሽቱን ያልተወ ፍጡር በርችት ሌሊት ምን እንደሚያደርግ በኔዘርላንድስ በራዳር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2023 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ሲገባ ርችት እንደተተኮሰ ወፎች ከየማደሪያቸው በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ በርችቱ አካባቢ በዚያ ሰዓት በአየር ላይ የሚገኙት ወፎች ቍጥር በሌላ ሌሊት ከሚገኙት በአማካይ 1,000 እጥፍ ያህል ነው። ሽሽትም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት ቢቢ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. የ2011 አዲስ ዓመት ዋዜማ በርችት ተደናግጠው በጨለማ የተነሡ ወፎች ከቤትና ከዛፍ ጋር እየተላተሙ በሺሕ የሚቈጠሩት ሞተው ወድቀዋል። ይሁን እንጂ ወፊቱ ቢያንስ ሰማይ አላት። የታሰረው ውሻ ያለው ሁለት ሜትር ሰንሰለት ነው።

ስለ ሰንሰለት ከተነሣ ዘንድ የጥንቱን የኢትዮጵያ ችሎት ማስታወስ ይገባል። በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ ከዳኛው ፊት እስኪቀርቡ ድረስ እርስ በርሳቸው ይታሰሩ ነበር፤ ይህም ቍራኛ ይባላል። ያሰረውም የታሰረውም አንድ ላይ ይሄዳል፤ አንዱ ብቻውን ውሎ ማደር አይችልም። ዛሬ በውሻው አንገት ላይ ያለው ሰንሰለት ሌላው ጫፉ በእንጨት ላይ የተቸነከረ ይመስላል። በሥነ ምግባር ዓይን ሲታይ ግን ጫፉ ያለው በጌታው እጅ ነው። ሽሽትን የከለከለ ሰው መጠጊያን የመስጠት ዕዳ አለበት። የርችቱ ተኳሽ ጎረምሳ በቸልታ ሊወቀስ ይችላል፤ የማይሻረው ዕዳ ግን የአሳሪው ነው።

እዚህ ላይ የአገር ልማድ ይጠቀሳል። ውሻ በኢትዮጵያ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው እንጂ የሳሎን ጓደኛ አይደለም። ፍርፋሪ ይበላል፤ በደጅ ያድራል። ቋንቋውም ፍርዱን አስቀምጧል፤ ገዳዩ ያልታወቀ፣ ጠያቂ ያጣ ሰው «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ከልብ በግእዝ ውሻ ነው። ደመ ከልብ ማለትም ተመራማሪና ፈራጅ የሌለው፣ በከንቱ የፈሰሰ ደም ማለት ነው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሰው ደም ክቡርነት ነው፤ ሆኖም ሳያስበው ስለ ውሻም መስክሯል። ውሻን በደጅ ማሳደር ግን በራሱ ጭካኔ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት አገር የጥንቃቄ ልማድ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። በደል የሚሆነው ሌላ ነው። ያው ጌታ ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት በውሻው ጆሮ ተማምኖ ይተኛል። ከአጥር ውጭ የረገጠ እግር ሁሉ እንዲሰማለት ይፈልጋል። ታዲያ በዓመት አንድ ሌሊት ያ ጆሮ ራሱ የሥቃይ በር ሲሆን «ፈሪ ውሻ» ብሎ መሳቅ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ፈላስፎች ስለ እንስሳት ብዙ ተናግረዋል። ዴካርት በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት እንስሳትን እንደ መኪና በሕግ የሚንቀሳቀሱ አካላት አድርጎ ቈጠራቸው። ካንት ለእንስሳ መራራት ተገቢ መሆኑን ተቀበለ፤ ነገር ግን ግዴታው ለእንስሳው ሳይሆን ለሰው ነው አለ፤ በእንስሳ ላይ የጨከነ ልብ በሰውም ላይ ይደነድናልና። እንግሊዛዊው ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ገለበጠው፤ መመርመር ያለበት ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው አለ። የቤንታም ቃል ትልቅ ነው። ሆኖም ሦስቱም የተከራከሩት ሰው በእንስሳ ላይ ምን ማድረግ ይፈቀድለታል በሚለው ዙሪያ ነው። የርችት ሌሊት ማንም በእንስሳው ላይ ምንም አላደረገም። የጎደለው መደረግ የነበረበት ነገር ነው። ለዚህ ከሦስቱ ፈላስፎች ይልቅ «አደራ» የምትለው አንዲት የአማርኛ ቃል ትቀርባለች። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን አልሰበርሁም ብሎ ነፃ አይወጣም፤ ጠበቅሁት ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

የመጠበቁ ሥራ ራሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። ጌታው «ዝም በል» ሲል የፈለገው ምንድን ነው? የውሻውን ሰላም ነው ወይስ የራሱን ጸጥታ? ይህ ከንቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ መድኃኒትን ማንሣት ይበቃል። አሴፕሮማዚን የሚባል የእንስሳት መድኃኒት አለ። ርችት የሚፈሩ ውሾች ለብዙ ዘመን በእርሱ ይታከሙ ነበር። ውሻው ከዋጠው በኋላ ይተኛል፤ አይሮጥም፤ አይጮኽም፤ በር አይቧጥጥም። ባለቤቱም ሐኪሙን አመስግኖ በዓሉን ያከብራል። ኋላ ላይ ግን የእንስሳት ሐኪሞች መድኃኒቱ የሚያስረው የእንስሳውን አካል እንጂ ፍርሃቱን እንዳልሆነ አስተዋሉ። ውሻው ድምፁን ይሰማል፤ ይፈራል፤ ነገር ግን መሸሽም መደበቅም መጮኽም አይችልም። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒቱ ለዚህ ጉዳይ ብቻውን እንዳይሰጥ ይመከራል። ፍርሃቱን ራሱን የሚያለዝቡ ሌሎች መድኃኒቶች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ፣ በውሻው ድድና ጉንጭ መካከል የሚቀባው ዴክስሜዴቶሚዲን፣ በአሜሪካ ለዚሁ ጉዳይ ተፈቅዷል። በእርግጥ እንዲህ ያለው ሁሉ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው።

በአሴፕሮማዚን ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሐኪሙ ለማዳን ሰጠ፤ ባለቤቱ ለማዳን ገዛ። ሁለቱም የተሳሳቱት የእንስሳውን ሰላም ከውጭ በሚታየው ዝምታ ስለ ለኩት ነው። መናገር የማይችል ፍጡር ያለበት ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ዝምታው በሌላው ዘንድ እንደ ፈቃድ ይቈጠርበታል። ከላይ የተጠቀሰው የታሰረ ውሻም ዝም ያለው በረጋ ጊዜ ሳይሆን ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ነበር።

ታዲያ እውነተኛውን ሰላም የሚፈልግ ባለቤት ምን ያድርግ? ነገሩ ገንዘብን ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል። ውሻው ገና ሳይመሽ እንዲንሸራሸርና እንዲበላ ይደረጋል። ከመሸ በኋላ ከሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ ሳሎን ባይሆንም እንኳ፣ በዕቃ ቤት ወይም በማድ ቤት ይገባል፤ የታሰረ እንስሳ ደንግጦ አጥር ሲዘል ሊታነቅ ይችላልና። ያመለጠም እንደ ሆነ ባለቤቱ እንዲታወቅ በአንገቱ ላይ ምልክት ቢኖረው መልካም ነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ መጋረጃው ይጋረዳል፤ ራዲዮ በለሰለሰ ድምፅ ይከፈትለታል፤ ውኃ ይቀመጥለታል። ከአልጋ ሥር ወይም ከጆንያ ኋላ ቢደበቅ ጐትቶ ማውጣት አይገባም። ድመት በተለይ ራሷ የመረጠችውን ጨለማ ስፍራ ከማናቸውም የሰው መኝታ ትመርጣለች። መምታትና መቈጣት ለፍርሃቱ ሌላ ምክንያት ይጨምርለታል እንጂ አያድነውም።

ቀድሞ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኝ ምክር ነበር፤ የፈራን ውሻ ማባበል ፍርሃቱን መሸለም ስለሆነ እንዳላዩ ማለፍ ይሻላል የሚል። ይህ ምክር በጸና ማስረጃ ላይ አልቆመም። ፍርሃት እንስሳው ሽልማት ለማግኘት የሚሠራው ሥራ አይደለም። ወደ ጌታው ተጠግቶ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ቢዳሰስና በለሆሳስ ቢነገረው ከመጽናናት በቀር የሚማረው ክፉ ነገር የለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2020 በስዊዘርላንድ፣ በበርን ዩኒቨርሲቲ ካለች ተመራማሪ በኩል የወጣ ጥናት ብዙ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ ነበር። በእያንዳንዱ ፍንዳታ ማግሥት ለውሻቸው የሚወደውን ምግብ የሰጡ ወይም ከእርሱ ጋር የተጫወቱ ሰዎች፣ ከመቶው ከ70 የሚበልጡት፣ ዘዴው እንደረዳቸው መልሰዋል። ርችት በራሱ ክፉ የነበረው ቀስ በቀስ የመልካም ነገር ዋዜማ ይሆናል። ከበዓሉ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ የተቀዳ የርችት ድምፅ እጅግ ዝቅ አድርጎ ማሰማት፣ ውሻው ሳይደነግጥ ሲበላ ጥቂት በጥቂት ከፍ ማድረግም የታወቀ ሥልጠና ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ቀን በችኰላ ከፍ የተደረገ ድምፅ የወሩን ድካም ያፈርሳል።

ይህ ሁሉ ስለ ውሻና ስለ ድመት ነው። በግቢው ጥግ የታሰረው በግስ? እርሱ ነገ ይታረዳል። በዛሬ ሌሊት ፍርሃቱ መጨነቅ ለብዙ ሰው ግብዝነት ይመስለዋል፤ ቢላዋው በማግሥቱ የተዘጋጀለት እንስሳ ስለ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ምን ይናገርለታል? አጥጋቢው መልስ ከሥጋ ቤት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ምንም እንኳ ከመታረዱ በፊት ተጨንቆ ያደረ እንስሳ ሥጋው እንደሚጠቍርና እንደሚደርቅ ባለሙያዎች የሚያውቁት ቢሆንም። የእስልምና ሥርዐት አራጁ ቢላዋውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ ያዝዛል፤ በእንስሳው ፊት መሳሉንም ይነቅፋል። ይህን ሥርዐት ያወጣ ኅሊና እንስሳው መሞቱን ረስቶ አይደለም። ሞቱን የተቀበለው ጊዜውንም ጭምር አደራ ስለ ተቀበለ ነው። የሕይወት ማጠር የአደራውን ቀን ያሳጥረዋል፤ አደራውን ግን አያጠፋውም። እስከ ንጋት ያለው ሌሊት የበጉ ነው። ስለዚህ በጉም ከመንገዱ ዳር ወደ ጓሮ፣ ከብርሃኑ ወደ ጥላው፣ ቢቻል ወደ ጋጥ ቢዛወር የሚከፈለው ዋጋ አንድ ገመድ መፍታት ብቻ ነው።

እነሆ አሁን ወደ በዓሉ ራሱ መመለስ ያስፈልጋል። ድምፅ የሌለው በዓል በኢትዮጵያ የለም። በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ የጅራፍ ጩኸት በየመንደሩ ያስተጋባል። በደስታ ጊዜ ጠመንጃ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። የሕፃኑ ደስታም እንደ ውሻው ፍርሃት ሁሉ እውነተኛ ነው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን ማናናቅ አይገባም። ይሁንና ብርሃኑንና ፍንዳታውን መለየት እንደሚቻል አንዳንድ አገሮች አሳይተዋል። በኢጣሊያ ኮሌኪዮ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 የሚተኰሰው ርችት ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው እንዲሆን ደነገገች። የጋላፓጎስ ደሴቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ ያለውን ርችት ከለከለ። የኔዘርላንድስ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ2025 ግለሰቦች ርችት እንዳይተኩሱ የሚከለክል ሕግ አጽድቋል፤ እዚያ ግን ዋናው ምክንያት በየዓመቱ የሚደርሰው የሰው ጕዳትና ሁከት ነው። በአዲስ አበባም ፖሊስ በቅርብ ዓመታት በበዓላት ዋዜማ ርችት መተኮስ የተከለከለ መሆኑን ደጋግሞ አስታውቋል። ምክንያቱ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ የርችትን ድምፅ ከጥይት ድምፅ መለየት ያስቸግራልና። የውሻው ስም በማስታወቂያው አልተጠራም፤ ተጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ግን እርሱ ነው። ሆኖም ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ክልከላ ባለበትም በሌለበትም ጎረቤት ለጎረቤቱ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት እንተኩሳለን፤ ውሻህን አስገባ» ብሎ ቢልክበት ከየትኛውም ደንብ ያልተናነሰ ይሠራል።

የርችትን ድምፅ ከጥይት ድምፅ መለየት የሚያስቸግረው ለፖሊስ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እዚያ የርችቱ ሌሊት ጁላይ 4 ቀን፣ የአገሪቱ የነፃነት በዓል ነው። በዚያች ከተማ ከልጆቿ ጋር የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ። ከአገሯ የወጣችው ጦርነት ሸሽታ ነው። ልጆቿ በዚያው ተወልደው፣ የዚያን አገር ልማድ ይዘው፣ ውሻ በቤት ውስጥ ያሳድጋሉ። እርሷ ነገሩን አልወደደችውም ነበር፤ ውሻ ቦታው ደጅ ነው ባይ ናት፤ ምንጣፉን ባየች ቍጥር ታጕረመርማለች።

በዚያ ሌሊት ልጆቿ ርችት ሊያዩ ወጥተዋል። የመጀመሪያው ፍንዳታ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጥ እርሷ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች፤ ለምን እንደ ተነሣች ግን ራሷም አላወቀችም። ቀን መቁጠሪያ አላት። በዓሉ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በማለዳው «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ልጆቿን ስማለች። ጕልበቷ ግን ቀን መቁጠሪያ አያነብም። መብራቱን አጠፋች፤ መጋረጃውን ጋረደች፤ ከመስኮቱ ርቃ በመተላለፊያው ወለል ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። ይህ እንዴት እንደሚደረግ ማንም አላስተማራትም፤ ድሮ የምታውቀው ነው።

ውሻው ከልጆቹ አልጋ ሥር ወጥቶ በሆዱ እየተሳበ መጣ። ከእግሯ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ መንቀጥቀጡ ወለሉን አልፎ ተሰማት። ከዚያ በፊት ነክታው አታውቅም። «አይዞህ» አለችው በአማርኛ፤ ውሻው የሚያውቀው የልጆቹን እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። እጇን በጀርባው ላይ አኖረች። ከውጭ ፍንዳታው እየተከታተለ ሄደ፤ ሁለቱም በእያንዳንዱ ድምፅ ይሸማቀቁ ነበር፤ በመካከል ጸጥ ሲል ደግሞ የሚቀጥለውን እየጠበቁ ያዳምጣሉ። ልጆቹ እኩለ ሌሊት ሲሆን እየሳቁ በሩን ከፍተው ሲገቡ እናታቸው በጨለማው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የውሻውን ራስ በነጠላዋ ሸፍና አገኟት።